ቴርሞስታቱን ይዤ ገባሁ፤ ማሞቂያው ግን ሌላ ሆነ

ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይተን የነበረው ቤት የሚሞቀው በጋዝ ፈርነስ፣ ማለትም ጋዝ አቃጥሎ አየር በሚያሞቅ ማሽን ነበር። ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ የገዛነው ታውንሃውስ ግን ጋዝ የሚባል ነገር የለውም። ውጭ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ሂት ፓምፕ፣ ውስጥ አየሩን የሚነፋው ኤር ሃንድለር፣ በቃ። እኔ ደግሞ ከድሮው ቤት ፈትቼ ያመጣሁት ሦስተኛ ትውልድ ኔስት ቴርሞስታት፣ ማለትም ግድግዳ ላይ ሆኖ የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠር ዕቃ አለኝ። አዲስ ሳለ 249 ዶላር ይሸጥ የነበረ ዕቃ ነው። ካርቶን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ማየት አልፈለግኩም።

ከገጠምኩት ወዲህ «የጋዝ ቤት ላይ የነበረ ቴርሞስታት ሂት ፓምፕ ላይ ይሠራል ወይ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሱ «አዎ፣ ግን» ነው። ይህ ጽሑፍ «ግን» የሚለውን ለማስረዳት ነው።

ቴርሞስታት ሙቀት አያመነጭም። ዞሮ ዞሮ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። የትኛው ሽቦ መቼ እንደሚገናኝ ይወስናል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ማሽን ወደ ሌላ ዓይነት ማዛወር ይቻላል። ክፋቱ፣ ሂት ፓምፕ ላይ በስህተት የተገጠመ ቴርሞስታትም ቤቱን ያሞቃል። ማንም አይበርደውም፣ ማንም አይጠረጥርም። ጉዱ የሚወጣው የመብራት ቢል ሲመጣ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን እዩት

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ቤዝመንት ውረዱ፤ ወይም ማሽኑ ያለበትን ክፍል ክፈቱ። የጋዝ ቧንቧ ገብቶበት የጭስ መውጫ ወደ ውጭ ከወጣ ፈርነስ ነው። ጋዝ ከሌለውና ውጭ ያለው ማሽን በዊንተርም የሚዞር ከሆነ ሂት ፓምፕ ነው። ጋዝም የለው፣ የውጭው ማሽንም በዊንተር ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ ፈርነስ ሊሆን ይችላል። ሌላ ቀላል ምልክት አለ። ግድግዳው ላይ ያለው አሮጌ ቴርሞስታት «ኢመርጀንሲ ሂት» ወይም «ኢም ሂት» የሚል ምርጫ ካለው፣ በብዛት ሂት ፓምፕ ነው ማለት ነው።

ውሃ አሙቆ በራዲያተር የሚልክ ከሆነ ቦይለር ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ደግሞ ጨርሶ የማይሞከሩትን ልንገራችሁ። ግድግዳው ሥር ረዘም ያለ የብረት ማሞቂያ፣ ማለትም ቤዝቦርድ ያለበት አፓርታማ ውስጥ ከሆናችሁና ከቴርሞስታቱ ጀርባ ወፋፍራም ሽቦዎች በፕላስቲክ ቆብ ተያይዘው ካገኛችሁ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ያ 120 ወይም 240 ቮልት ነው። እነ ኔስትና ኢኮቢ የሚሠሩት በ24 ቮልት ነው። አንዱን ከሌላው ጋር ማገናኘት ዕቃውን ማቃጠል ብቻ አይደለም፤ ሰውም ይጎዳል፣ ቤትም ያቃጥላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ለከፍተኛ ቮልት ተብለው የተሠሩ አሉ፤ ሚሳ እና ሲኖፔ የሚባሉትን ማየት ይቻላል። የድሮውን ግን ሽጡት።

በጋዝ የሚሠራ የግድግዳ ማሞቂያ ወይም ፋየርፕሌስ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ብዙዎቹ ከፓይለት እሳቱ ሙቀት በሚገኝ ኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት፤ እሱም አንድ ቮልት እንኳን አይሞላም። ስማርት ቴርሞስታት በዚያ አይነሳም። በሪሞት የሚታዘዘው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሚኒ ስፕሊትም ራሱን የቻለ ቋንቋ አለው፤ ተጨማሪ ማገናኛ ሳይገዙ አይሆንም። እንደ ካሪየር ኢንፊኒቲ ያሉት ደግሞ ከራሳቸው ቴርሞስታት ጋር በዳታ ሽቦ ይነጋገራሉ። የሽቦ መሰኪያዎቹ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉ አራት ፊደሎች ብቻ ካያችሁ እዚያው ተዉት።

ዕቃው ራሱ ይበቃል?

የኔ ኔስት አሥር መሰኪያ አለው። ለሂት ፓምፕ ከበቂ በላይ ነው። በ2017 የወጣው ኔስት ኢ ግን ስድስት ብቻ ነው ያለው። ባለ አንድ ደረጃ ሂት ፓምፕ ከመጠባበቂያ ማሞቂያው ጋር ይችላል፤ ባለ ሁለት ደረጃ ኮምፕረሰር (በውጭው ማሽን ውስጥ ያለው መጭመቂያ) ላይ ግን ቦታ ያጥረዋል። ኢኮቢ ያላችሁ ሰዎች «ሲ» የሚባለው፣ ለቴርሞስታቱ የማያቋርጥ ኃይል የሚያስገኘው ሽቦ የግድ ያስፈልጋችኋል። ያለ እሱ አይነሳም።

ዕቃው የመጀመሪያ ወይም የሁለተኛ ትውልድ ኔስት ከሆነ፣ ማለትም በ2011 እና በ2012 የወጡት፣ አንድ ነገር እወቁ። የኔስት ባለቤት ጉግል ለእነሱ የሚሰጠውን ድጋፍ ኦክቶበር 25 ቀን 2025 አቁሟል። ግድግዳው ላይ በእጅ እያዞሩ መጠቀም ይቻላል። ከስልክ ማዘዝ ግን የለም። ማርኬትፕሌስ ላይ በርካሽ «ስማርት» ተብሎ የሚሸጠው እሱ ሊሆን ይችላል። ገዝታችሁ አፑ እምቢ ቢላችሁ ዕቃው ስለተበላሸ አይደለም።

ከድሮው ቤት ስትፈቱት፣ ገና መብራት እያለው ከአካውንታችሁ አውጡት። ከዚያ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሪሴት»፣ ከዚያ «ኦል ሴቲንግስ» በሉት። ይህ ለወግ አይደለም። ዕቃው የጋዝ ቤት ትዝታውን ይዞ ሂት ፓምፕ ላይ እንዲገባ አንፈልግም። የድሮው ቤት ዚፕ ኮድም አብሮ ይጠፋል። ኔስት የውጭውን ሙቀት የሚያውቀው በዚፕ ኮዱ ከኢንተርኔት ነው፤ ሂት ፓምፕ ላይ ደግሞ የውጭው ሙቀት ብዙ ነገር ይወስናል።

የኋላ ሰሌዳውን ከነብሎኖቹ በዚፕሎክ አድርጉት። ብሎኑ ትንሽ ናት፣ ምንጣፍ ላይ ከወደቀች አለቀላት። ተከራይ ከነበራችሁ ደግሞ የአከራዩን አሮጌ ቴርሞስታት መልሳችሁ ግጠሙ። እኔ ስገባ ያወረድኩትን በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጬው ነበርና ስወጣ አልተጨነቅኩም። ቤቱን የምትሸጡ ከሆነ ግን ግድግዳ ላይ የተገጠመ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ጋር ነው የሚሄደው። ይዤው እሄዳለሁ ካላችሁ ውሉ ላይ አስጽፉ።

ወራት ሳይሠራ ከተቀመጠ ባትሪው ወርዶ ይሆናል። ከጀርባው የቻርጅ ቀዳዳ አለ፤ ማታ ሰክታችሁ እደሩ። ባትሪው ከ3.6 ቮልት በታች ከሆነ ዋይፋዩ መልፈስፈስ ይጀምራል፤ ሰው ደግሞ ራውተሩን ይሳደባል።

ፊደሉ አንድ፣ ሥራው ሌላ

ብሬከር ስታጠፉ ሁለቱንም አጥፉ፤ የውስጡንም የውጭውንም። ከዚያ አሮጌውን ቴርሞስታት ነቅላችሁ ሽቦውን ሳትነኩ ፎቶ አንሱ። በደንብ፣ ፊደሎቹ እንዲነበቡ፣ ከተለያየ አቅጣጫ። ከድሮው ቤት ያነሳችሁት ፎቶ እዚህ ምንም አይጠቅምም። እንዲያውም ያሳስታችኋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጋዝ ቤት ላይ የነበሩኝ ሽቦዎች አምስት ነበሩ። «አር» ኃይል ያመጣል። «ሲ» መመለሻው ነው። «ጂ» ፋን፣ «ዋይ» ኤሲ፣ «ደብሊው» ደግሞ ፈርነሱን ያስነሳል። እዚህ ቤት ያሉት «አር»፣ «ሲ»፣ «ጂ»፣ «ዋይ»፣ «ኦ» እና «ኦክስ» ናቸው። ዝም ብሎ ላየው አንድ ፊደል የተጨመረ ነው የሚመስለው።

ግን ሥራው ተገልብጧል። ሂት ፓምፕ ማለት ወደ ኋላም ወደ ፊትም መሄድ የሚችል ኤሲ ነው። ሰመር ላይ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። ዊንተር ላይ ከውጭው አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ውስጥ ያስገባል። ሁለቱንም የሚሠራው ያው አንድ ኮምፕረሰር ነው፤ የሚያስነሳውም «ዋይ» ነው። «ኦ» ደግሞ አቅጣጫውን የሚቀይረውን ቫልቭ ያዛል። «ኦክስ» የሚባለው ኤር ሃንድለሩ ውስጥ ያሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጥቅሎችን ያበራል። ከባድ ብርድ ሲመጣ ለእርዳታ ነው የተቀመጡት።

በድሮው ቤቴ ሙቀት ማለት «ደብሊው» ነበር። እዚህ ሙቀት ማለት «ዋይ» ነው። ይህችን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው።

ይህችን ያልያዘ ሰው ምን እንደሚገጥመው አንድ ወዳጄ ቤት አይቻለሁ። የጠራው ባለሙያ ነኝ ባይ «ኦክስ» የሚለውን ሽቦ «ደብሊው 1» ላይ ሰካው፤ «ኦ»ን ትርፍ መስሎት ግድግዳው ውስጥ አጥፎ ተወው፤ ቴርሞስታቱንም ፈርነስ ነው ብሎ ሞላው። ቤቱ ሞቀ። ሰውየው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ዊንተሩን ሙሉ ቤቱ የሞቀው በኤሌክትሪክ ጥቅሎቹ ብቻ ነው፤ ኮምፕረሰሩ አንድም ቀን ለሙቀት አልተነሳም። ቢሉ ሲመጣ «ቨርጂኒያ መብራት ውድ ነው» ተብሎ ታለፈ። የተነቃው ሜይ ላይ፣ ኤሲ ሲከፍቱ ሙቅ አየር ሲመጣባቸው ነው። «ኦ» ስላልተገናኘ ቫልቩ በሙቀት በኩል እንደቀረ ነበር።

ቀለሙን አትመኑ

ቀይ «አር»፣ አረንጓዴ «ጂ»፣ ቢጫ «ዋይ» መሆኑ የተለመደ ነው። ግን ልማድ ነው፣ ሕግ አይደለም። የሚታመነው ሽቦው የገባበት ፊደል ነው፤ ከዚያም በላይ የሚታመነው ማሽኑ ጋ ሲደርስ የተሰካበት ፊደል ነው። እኔ ቤት ብርቱካናማው ሽቦ «ኦ» ነበር፣ እንደ ደንቡ። ነጩ ግን «ኦክስ» ነበር። ጋዝ ቤት የለመደ ሰው ነጭ ሲያይ እጁ በቀጥታ «ደብሊው 1» ላይ ነው የሚሄደው። የኔ ዕቃ «ደብሊው 2/ኦክስ» የሚል መሰኪያ ስላለው እዚያ ነው የገባው።

ከሁሉ የምታደናግረው «ቢ» ናት። እንደ ሬም እና ረድ ባሉ ማሽኖች «ቢ» የቫልቩ ሽቦ ነው፤ እንደ «ኦ» ሆኖ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ በሙቀት ጊዜ ነው ኃይል የሚያገኘው። በአሮጌ ትሬን ማሽኖች ደግሞ «ቢ» ማለት መመለሻው፣ ማለትም ሌላው ሰው «ሲ» የሚለው ነው። አሮጌው ቴርሞስታት ላይ «ኦ»ም «ቢ»ም ለየብቻ ሽቦ ካላቸው ቆም በሉ። ኤር ሃንድለሩን ከፍታችሁ «ቢ» የት እንደሚደርስ ሳታዩ «ኦ/ቢ» የሚለው መሰኪያ ውስጥ አትክተቱ።

«ኢ» የሚል መሰኪያም ልታገኙ ትችላላችሁ፤ የኢመርጀንሲ ማሞቂያ ነው። እኔ ቤት ከ«ኦክስ» ጋር በአጭር ሽቦ ተያይዞ ነበር። አጭሯን ሽቦ ጣልኳት። ኔስቱ ኢመርጀንሲ ሲባል ራሱ «ኦክስ»ን ያዛል። በ«አር» እና «አር ሲ» (Rc የሚል አንድ መሰኪያ ነው፤ «ሲ» አይደለም) መካከል የምትገኘዋም አጭር ሽቦ ለኔስትና ለኢኮቢ አታስፈልግም።

«ሲ» የለም? አትቸኩሉ። ሽቦዎቹን ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ሳቡና ከጀርባ ያልተሰካ ትርፍ ካለ እዩ። ብዙ ጊዜ የገጠመው ሰው ትርፉን ጠቅልሎ ግድግዳ ውስጥ ይተወዋል። ካለ፣ ማሽኑ ጋ ያለውን ጫፍ ፈልጋችሁ «ሲ» ላይ ማሰር ነው። ከሌለ ሶኬት ላይ የሚሰካ ባለ 24 ቮልት ትራንስፎርመር ይሸጣል። ሽቦው ግድግዳው ላይ ሲንጠለጠል አያምርም፤ ግን ይሠራል።

ሽቦዎቹን እርሳስ ላይ ጠቅልሏቸው፤ ግድግዳው ውስጥ ሾልከው እንዳይገቡ። ከገቡ ማጥመድ ሌላ ሥራ ነው። ስትጨርሱ ቀዳዳውን በፑቲ ወይም በስፖንጅ ድፈኑት። ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ቴርሞስታቱን ያታልለዋል፤ ቤቱ ሞቆ ሳለ በረደኝ ይላል።

ድንገት ሁሉም ነገር ከጠፋ

ብሬከሩን ሳያጠፉ ሲሠሩ «አር» ከ«ሲ» ጋር ለቅጽበት ከተነካካ ቴርሞስታቱ ይጨልማል። ብዙ ሰው ያኔ ማሽኑ ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለው ፊውዝ ነው። ኤር ሃንድለሩ ወይም ፈርነሱ ውስጥ ካለው ቦርድ ላይ መኪና ላይ የምናውቃት ዓይነት ፊውዝ አለች፤ ብዙ ጊዜ ሐምራዊ ባለ 3 አምፕ ወይም ቡናማ ባለ 5 አምፕ ናት። የመኪና ዕቃ መደብር በጥቂት ዶላር ታገኟታላችሁ። የወጣውን ቁጥር ነው የምትመልሱት። ትልቁን ቁጥር ከተካችሁ ትራንስፎርመሩን ታስበላላችሁ። ለቴክኒሻን ጉብኝት ብቻ የሚጠየቀውን የምታውቁ ሰዎች ይህችን አንቀጽ አስቀምጧት።

ቴስተር ካላችሁ ብሬከሩን መልሳችሁ «አር» እና «ሲ» መካከል ለኩ። ከ24 እስከ 28 ቮልት አካባቢ ካሳየ ደህና ነው።

ማስተዋወቅና መሞከር

ኔስቱ ሲነሳ ሽቦዎቹን ራሱ ያያል፤ ግን ጥያቄዎቹን በችኮላ «ኔክስት» አትበሉ። ሂት ፓምፕ መሆኑን፣ ኃይሉ ኤሌክትሪክ መሆኑን፣ «ኦክስ» መኖሩን አረጋግጡ። «ኦ» ወይስ «ቢ» ለሚለው፣ ከላይ ካልኳቸው ማሽኖች ውጪ አብዛኛው «ኦ» ነው።

ከዚያ ሙቀቱን ከቤቱ ሁለት ዲግሪ ከፍ አድርጉና ጠብቁ። ኮምፕረሰሩን ለመጠበቅ እስከ አምስት ደቂቃ ድረስ ላይነሳ ይችላል። ሲነሳ ውጡና እዩት፤ የውጭው ማሽን መዞር አለበት። ውስጥ ከአየር መውጫው ላይ እጃችሁን አድርጉ። ደቂቃዎች አልፈው ቀዝቃዛ ከሆነ «ኦ» እና «ቢ» ተገልብጠዋል። ሴቲንግ ላይ ቀይሩት፣ ሽቦ መንካት አያስፈልግም። የውጭው ማሽን ዝም ብሎ ውስጡ በጣም የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ የወዳጄ ቤት ነገር እናንተም ጋ አለ ማለት ነው።

ሙከራውን ለስ ያለ ቀን አድርጉት። በጣም ብርድ ቀን ከሆነ «ኦክስ» በራሱ ምክንያት ሊገባ ስለሚችል ግራ ያጋባችኋል።

ሂት ፓምፕ ጠባዩ ሌላ ነው

መጀመሪያ ያጉረመረመችው እማዬ ናት። ከአየር መውጫው ሥር ቆማ እጇን ዘረጋችና «አንቺ፣ ይሄ ነው ማሞቂያሽ? እንደ ሰው ትንፋሽ እኮ ነው። ያኛው ቤት ጋቢ ያስጥል ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጋዝ ፈርነስ የሚተፋው አየር ከ120 ፋራናይት ያልፋል። የሂት ፓምፕ ከ90 እስከ 100 አካባቢ ነው። የሰው አካል ራሱ 98 ከምናምን ስለሆነ እጅ ላይ ምንም አይመስልም። ቤቱ ግን ይሞቃል፤ ቀስ እያለ፣ ረጅም ሰዓት እየሠራ። ማሽኑ ለሰዓታት ሳያቋርጥ ቢሠራ ተበላሸ አትበሉ። አሠራሩ ነው።

የውጭው ማሽን ፋኑ ቆሞ ነጭ እንፋሎት ሲያወጣም ታያላችሁ። እማዬ «ጨሰ!» ብላ ጠርታኛለች። ላዩ ላይ የጋገረውን በረዶ እያቀለጠ ነው። ለዚያ ብሎ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ኤሲ ይገለበጣል፤ እስከዚያ ውስጥ «ኦክስ» ይተካዋል።

ትልቁ ነገር ግን የለመድነው ቁጠባ ነው። ጋዝ ቤት ላይ ሥራ ስሄድ 60 አወርደው ነበር፤ ስመለስ 70። ፈርነሱ በአጭር ጊዜ ይመልሰዋል። ሂት ፓምፕ ላይ ያንን ስታደርጉ፣ ማሽኑ አሥር ዲግሪ ቶሎ መውጣት ስለማይችል ቴርሞስታቱ «ኦክስ»ን ለእርዳታ ይጠራል። ጥቅሎቹ 10 ኪሎዋት ናቸው እንበል፤ መብራት በኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ቢሆን በሰዓት አንድ ዶላር ከሃምሳ ይበላሉ። በጣም ብርድ ባልሆነ ቀን ሂት ፓምፑ ያንኑ ሙቀት በሲሶው ያመጣዋል። ቀን የቆጠባችሁትን ማታ በአንድ ሰዓት ትመልሱታላችሁ።

ስለዚህ እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። ቀን 68፣ ሌሊት 66። ኔስቱ ልማዳችንን አይቶ መርሐ ግብር የሚያወጣበትን ዘጋሁት። እኔ የሌሊት ፈረቃ ስሠራ፣ እማዬ ቀን ቤት ስትውል፣ ልጆቹ ስልካቸውን እየነካኩ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት፣ የማንን ልማድ ይማራል? ከቤት ስንወጣ የሚወርድበትን «ኢኮ» ሙቀትም 64 ላይ አቆምኩት። «ኔስት ሴንስ» ውስጥ «ሂት ፓምፕ ባላንስ» የሚል አለ፤ «ማክስ ሴቪንግስ» ላይ አደረግኩት። ባላንሱን ዘግቶ በእጅ መወሰን ለሚፈልግ ደግሞ «ኦክስ» ከስንት ዲግሪ በላይ እንዳይነሳ የሚያግድ ቅንብር አለ።  ዲግሪውን ቤቱ ይወስነዋል፤ አሮጌና ቀዳዳ የበዛበት ከሆነ ከፍ ማለት ይኖርበታል። ኢኮቢም ይህ ቅንብር አለው፤ «ኦክስ ሂት ማክስ አውትዶር ቴምፐሬቸር» ይለዋል።

«ኢመርጀንሲ ሂት»ን ለብርድ ቀን የተቀመጠ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። የውጭው ማሽን ሲበላሽ ብቻ ነው። እሱን ስትጫኑ ሂት ፓምፑን አጥፍታችሁ በጥቅሎቹ ብቻ እየሞቃችሁ ነው።

ቦይለር ላላችሁ

ዲሲ ውስጥ አሮጌ ቤት ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ራዲያተር ነው ያላችሁ። እዚያ ከግድግዳው የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ «አር» እና «ደብሊው»። ኔስት ያለ «ሲ» በሁለት ሽቦ ሊሠራ ይሞክራል፤ ከማሽኑ ትንሽ ትንሽ ኃይል እየሰረቀ። አንዳንድ ቦይለር ላይ ያ ማንኳኳት ወይም ራሱን ማብራት ማጥፋት ያመጣል። ባለ አምስት ሽቦ ገመድ መሳብ ወይም ትራንስፎርመር መጨመር ይሻላል። ሲሞሉትም «ፎርስድ ኤር» (በሚነፋ አየር የሚሞቅ) ሳይሆን «ራዲያተር» በሉት። ራዲያተር ቀስ ብሎ ሞቆ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ዕቃው ጠባዩን እስኪለምድ ቤቱ ከታዘዘው በላይ ሲሞቅ ታገሡት።

እዚያ ግድግዳ ላይ ክብ፣ ወርቃማ የድሮ ቴርሞስታት ካወረዳችሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። ውስጡ ባለች ትንሽ ብርጭቆ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ ውሰዱት።

ጋዝ ፈርነስና ሂት ፓምፕ አንድ ላይ ያለበት ቤት ከሆነ ግን እኔ አልመክራችሁም። ሁለቱ አብረው እንዳይነሱ ማድረግ አለበትና ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን ጥሩ። ሲመጣ ቆማችሁ እዩት፤ «ኦ» የት እንደገባ ጠይቁት።

ከቢሉ በፊት

ወሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለባችሁም። ብዙ የመብራት ድርጅቶች ድረ ገጻቸው ላይ የሰዓት በሰዓት ፍጆታችሁን ያሳያሉ። የቅዝቃዜ ሳምንት ላይ ግቡና ጠዋቱን እዩ። መስመሩ ሌሊቱን ዝቅ ብሎ ቆይቶ፣ ቴርሞስታቱ ከሌሊት ወደ ቀን በሚሻገርበት ሰዓት ቀጥ ብሎ ከወጣ፣ «ኦክስ» ተነስቷል ማለት ነው። የሌሊቱን ሙቀት ሁለት ዲግሪ ከፍ አድርጉና ብርዱ በሚመሳሰል ሌላ ቀን ተመልሳችሁ እዩት።